ቺፑ ከመታሸጉ በፊት ስማችንን አንብቡልን

ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ በወሎ ለሚገኙ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤቶች፤ ልጁን ወደ ዐረብ አገር ለላከና ለመላክ ለሚያስብ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ከመታተሙ በፊት ስምና ዕድሜ ተነቦ እንዲረጋገጥ፣ የቀድሞ ስህተትም ያለ ቅጣት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በቅድሚያ ከወሎ ምድር ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደሴ ውስጥ አንዲት ጠባብ ኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ስካን አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። እንጀራዬ ግን ፎርም መሙላት ነው፤ ከፎርምም የፓስፖርት ፎርም። ከወረባቦ፣ ከሐይቅ፣ ከቃሉ፣ ከአምባሰል፣ አንዳንዴም ከወልዲያ ማዶ የሚመጡ ሰዎች እናንተ ጋ ከመድረሳቸው በፊት እኔ ወይም እንደ እኔ ያለ ሰው ፊት ይቀመጣሉ። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የተወለዱበትን ቀን የምንተይበው እኛ ነን። ስለዚህ በአዲሱ ፓስፖርት ጉዳይ አንድ ሁለት ነገር ብል እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝም ብዬ አምናለሁ።

የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። አገራችን በየካቲት 2017 ዓ.ም. ቺፕ ያለውን ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ስትጀምር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ዘግይቷል፣ እሱ እውነት ነው። ማሌዥያ እንዲህ ዓይነቱን ፓስፖርት ለዜጎቿ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። ቢሆንም መጣ፣ እሰየው። እኔን የሚያሳስበኝ ውስጡ የሚገባው መረጃ ነው። ቺፑ የተሰጠውን ነገር አጥብቆ ይይዛል። ትክክለኛውንም፣ የተሳሳተውንም።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ጠረጴዛዬ ላይ በየቀኑ የሚነሳውን ጥያቄ ላንሳ። በናንተ መስኮት በኩል ማንም ደፍሮ አይጠይቃችሁምና። «ወንድምዬ፣ ይሄ ቺፕ የሚሉት የሄድንበት ሁሉ ያየናል አሉ፣ እውነት ነው?» ይሉኛል። ይህን የሚጠይቀው ሰው አንዳንዴ በባቲ አድርጎ፣ አፋርን በእግሩ አቋርጦ፣ ባህር ተሻግሮ፣ ከሳዑዲ እስር ቤት ተጠርዞ የተመለሰ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

እኔም የማውቀውን እመልሳለሁ። አብሽሩ፣ ቺፑ ባትሪ የለውም። ኃይል የሚያገኘው ከማንበቢያ መሣሪያው ነው፤ ያውም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ድረስ ሲጠጋ። ከሳተላይት ጋር አይገናኝም፣ ያላችሁበትን ቦታ ለማንም አይናገርም። ደግሞም ያገኘው ሁሉ የሚከፍተው አይደለም። በፎቶው ገጽ ግርጌ ሁለት መስመር ፊደልና ቁጥር አለ፤ እያንዳንዱ መስመር 44 ምልክት ይይዛል። በተለመደው አሠራር መሣሪያው ከዚያ ላይ የፓስፖርቱን ቁጥር፣ የትውልድ ቀንና ፓስፖርቱ የሚያበቃበትን ቀን ያነባል። ቺፑ የሚከፈተው በእነዚህ ሦስቱ ነው። በሌላ አነጋገር ፓስፖርቱን ከፍቶ ገጹን ያላየ ሰው፣ በኪሳችሁ ሳለ በአጠገባችሁ አልፎ አያነበውም።

ቺፑ ላይ ያለውስ ምንድን ነው? በዋናነት ገጹ ላይ ያለው ራሱ ነው። ስም፣ ዜግነት፣ የትውልድ ቀን፣ የፊት ፎቶ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አይካኦ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ፊትን ዋና መለያ አድርጎ መረጠ። የጣትና የዓይን አሻራ ቺፑ ላይ ይጨመር አይጨመር የየአገሩ ምርጫ ነው። እንግዲህ ሰው «አሻራ ሰጠሁ» ሲል ቢሮው የወሰደው አሻራና ቺፑ ላይ የተጻፈው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን ግን ማንም አይነግረውም። አንድ ገጽ በራሪ ወረቀት አሳትማችሁ በየቅርንጫፉ በር ላይ ብትለጥፉ ግማሹ ወሬ በአንድ ሳምንት ይጠፋል። በአማርኛም፣ ለከሚሴ አካባቢ ሰውም በአፋን ኦሮሞ።

አሁን ስለ ቀድሞው። ሰዉ «የወረቀት ፓስፖርት» ሲል ሁለት ነገር ይቀላቅላል። በእጅ የሚጻፈው፣ ፎቶው በሙጫ የሚለጠፈው ሌላ ነው። እሱ ከቀረ ቆይቷል። በአይካኦ ደንብ አገሮች ሁሉ ከኤፕሪል 2010 ጀምሮ በማሽን የሚነበብ ፓስፖርት ብቻ እንዲሰጡ፣ በማሽን የማይነበበውም እስከ ኖቬምበር 24 ቀን 2015 አገልግሎቱ እንዲያበቃ ተወስኖ ነበር፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። በየቤታችን ሳጥን ውስጥ ያለው የቅርብ ጊዜው ፓስፖርት እነዚያ ሁለት መስመሮች ያሉት፣ በማሽን የሚነበበው ነው። ቺፕ ብቻ የለውም።

ልዩነቱ የሚታየው አንድ ሰው ሊያጭበረብር ሲነሳ ነው። ቺፕ የሌለውን ፓስፖርት እውነተኛ ነው ወይ ብሎ የሚፈርደው የመኮንኑ ዓይን ነው። ወረቀቱን ይዳብሳል፣ በመብራት ያያል፣ ፎቶውንና ፊታችሁን ያስተያያል። መኮንኑ ከደከመው ወይም ካልተማረ የሌላ ሰው ፎቶ የተለጠፈበትም ያልፋል። ቺፑ ላይ ያለው መረጃ ግን ፓስፖርቱን በሰጠው አገር ዲጂታል ፊርማ የታሸገ ነው። ከስሙ አንድ ፊደል፣ ከፎቶው አንዲት ነጥብ ብትነካ ፊርማው አይገጥምም። ተቀባዩ አገር ያን ፊርማ የሚያመሳክርበት የእኛ አገር የምስክር ቁልፍ ያስፈልገዋል። አገሮች እነዚህን ቁልፎች የሚለዋወጡበት በአይካኦ ሥር ያለ የጋራ ማውጫ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ይሠራል። የእኛ ቁልፍ ሰው በብዛት በሚሄድባቸው አገሮች ሁሉ መድረሱን ብታሳውቁን ደግ ነው። ቁልፉ ከሌላቸው ቺፑን ማንበብ ይችላሉ እንጂ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ አይችሉም።

ለወረቀቱም ግን ፍርድ ይገባዋል። መብራት አይጠይቅም፣ ሲስተም የለም አይልም። በጂቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ መኮንኑ በባትሪ አብርቶ ያነበዋል። ደግነቱ አዲሱም ያንኑ ገጽ ይዟል፣ ቺፑ ቢበላሽ የሚነበብ ነገር ይቀራል። እናቶቻችን ግን አንድ ነገር ይወቁ። ይህን ፓስፖርት አጥፎ መቀነት ውስጥ መቋጠር፣ ስቴፕል መምታት፣ ለመጠበቅ ብሎ በፕላስቲክ ላሚኔት ማስደረግ አይሆንም። ላሚኔት አድርግልኝ ብለው የመጡ አሉ፤ ገንዘቡን ትቼ መልሻቸዋለሁ።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

እናቴ የጠላ ጋን አፍ በጭቃ ስትመርግ መጀመሪያ ቀምሳ ነበር። ከተመረገ በኋላ ውስጡ ያለው ያው ነው፤ ጥሩም ከሆነ ጥሩ፣ ከተበላሸም የተበላሸ። ዲጂታል ፊርማም እንዲሁ ነው። መረጃው አለመነካቱን ያረጋግጣል። መረጃው መጀመሪያ እውነት መሆኑን ግን አያውቅም። የልጅቱ ዕድሜ 15 ሳለ 23 ተብሎ ከተጻፈ፣ ቺፑ ያን 23 ለመላው ዓለም በአገር ፊርማ ይመሰክርላታል።

ይህ በወሎ ምናባዊ ምሳሌ አይደለም። ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕጉ ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። ደላላው ግን ሕጉን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ልጅቱን ከትምህርት ቤት ያስቀራታል፣ ዕድሜዋን ይጨምርላታል፣ ልደት ሰርተፍኬት «ይጨርስላታል»፣ በቦሌ ይሸኛታል። ሳዑዲ ይሻላል ከተባለ ስሟንም ይለውጠዋል። ወለተማርያም ሆና ከቤቷ የወጣች ልጅ ፋጡማ ሆና ሪያድ ትገባለች። ወሎ ውስጥ ፋጡማ ገብረማርያም የሚባል ስም ብርቅ አይደለም፤ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤት የሚያድግበት አገር ነው። የደላላው ፋጡማ ግን ሌላ ናት። እሷን እናቷም አታውቃትም።

ያ የወረቀት ዘመን ነበር። ወረቀት ደግሞ ይጣላል። ልጅቱ ስትመለስ ፓስፖርቷን ጥላ፣ ወይም ከፊሉ፣ ማለትም ዐረቡ አሠሪዋ፣ ቀምቷት ቀርቶ፣ በሊሴ ፓሴ፣ ቆንስላ በሚሰጠው የመመለሻ ወረቀት፣ ትገባለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ባባረረች ጊዜ ከቦሌ ወደ ወሎ በአውቶቡስ የመጣውን ሰው አስታውሱ። ከነሱ ብዙዎቹ በወረቀት ላይ የነበራቸው ስም በወረቀት ላይ ቀርቷል። ወደ ቀዬአቸው ሲመለሱ እንደገና ራሳቸውን ሆኑ። ሐሰት ቢሆንም መውጫ ነበረው።

አሻራ ሲመጣ መውጫው ተዘጋ። ይህን የወሎ ልጅ ከናንተም ቀድሞ ያወቀው ከሳዑዲ ነው። አሻራ ሰጥቶ የተባረረ ሰው ስም ቀይሮ፣ አዲስ ፓስፖርት አውጥቶ ቢመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጣቱ ያጋልጠዋል። «በአሻራ ተያዘ» የሚለው አባባል በየቡና ቤቱ የሚሰማ ነው። በዚህ አልከራከርም፤ ለደላላ መልካም ዜና አይደለም፣ ለአገር ግን መልካም ነው። የምከራከረው ስለ ሌላዋ ሴት ነው። በልጅነቷ ሐሰት ስለተጻፈባት፣ ዛሬ ግን እውነቱን መያዝ ስለምትፈልገው።

አንዲት ከሐይቅ አካባቢ የመጣች ሴት ፊቴ ተቀምጣ ነበር። ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፣ ልጅ አላት። ያኔ ስትሄድ ደላላ ስምንት ዓመት ጨምሮባታል፣ የአባቷንም ስም ለውጦታል። ለብሔራዊ መታወቂያው፣ ለፋይዳ፣ ስትመዘገብ ትክክለኛ ስሟን ሰጠች። ፋይዳ ደግሞ የአሥሩንም ጣት አሻራ፣ የሁለቱንም ዓይን፣ የፊት ፎቶም ይወስዳል። አሁን አዲሱን ፓስፖርት በትክክለኛ ስሟ ማውጣት ትፈልጋለች። ፎርሙን ከፍቼ ስም ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ። «አሻራዬ በዚያኛው ስም ቢመጣስ? እስር ቤት ልግባ?» አለች። የማስረዳት ነገር አቃተኝ። ፎርሙን ሳትሞላ ሄደች። የት እንደምትሄድ እገምታለሁ። ደላላ ዘንድ ነው። እሱ «ግድ የለሽም፣ በድሮው ስም ቀጥይ» ይላታል። እሷም በድሮው ስም ትቀጥላለች፤ አሁን ግን ስሙ በቺፕ የታሸገ ይሆናል።

ተመልከቱት፣ ሐሰቱ ቀድሞ ስለተመዘገበ እውነቱ አጭበርባሪ ሆኖ ይቀርባል። አንድ ጣት፣ ሁለት ስም። ኮምፒውተሩ የትኛው ትክክል እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሁለቱ አለመግጠማቸውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሰው ውሳኔ ነው፤ የምለምናችሁም ለዚህ ውሳኔ ነው።

የእርማት ጊዜ ስጡ። የተወሰነ ይሁን፣ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት፣ እናንተ ወስኑ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ራሱ መጥቶ «በቀድሞ ፓስፖርቴ ላይ ያለው ዕድሜና ስም የእኔ አይደለም» ያለ ሰው እንደ ወንጀለኛ አይታይ። በተለይ ሲጻፍባት ከ18 ዓመት በታች የነበረች ልጅ። የደላላውን ስም እንድትናገር አታስገድዷት፤ ብዙ ጊዜ ደላላው አጎቷ ነው። ልጆቹን ሥራዬ ብለው ለሚያጭበረብሩት ደግሞ ሕጉ አለ፣ እሱ ይሥራ። እርማቷን ያስመዘገበች ሴት አሮጌው መዝገብ ከአዲሱ ጋር ይያያዝላት፣ ማስረጃም በእጇ ይሰጣት። ነገ ሪያድ ወይም ዱባይ ላይ «አሻራሽ በሌላ ስም አለ» ስትባል የምታሳየው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይኑራት። እዚህ ላይ ወረቀት ከቺፕ ይበልጣል።

ፍርድ ቤት አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ስምም ዕድሜም በፍርድ ቤት ሲታረም አይቻለሁ። ምስክር ይቀርባል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ጠበቃ ያልያዘ ሰው ማመልከቻውን እኔ ዘንድ ያጽፋል። ለአንድ ሰው ይሠራል። ቀበሌው በሙሉ ዐረብ አገር ሄዶ ለተመለሰ ወረዳ ግን ፍርድ ቤቱ ሌላ ሥራ መቼ ሊሠራ ነው?

ደግሞ ሁሉም ስህተት የደላላ አይደለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሲወለድ የተመዘገበ ሕፃን ዛሬም ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለሥራ ፓስፖርት የሚያወጣ አብዛኛው የወሎ ሰው ልደቱ የተመዘገበው ካደገ በኋላ፣ በአፍ ነው። «መቼ ተወለደች?» ስል እናት «ኢሕአዴግ በገባ በሁለተኛው፣ ጤፍ ሲታጨድ» ትላለች። ትልልቆቹ «ከ77 ድርቅ በፊት» ይላሉ። ይህን ወደ ቀን የምለውጠው እኔ ነኝ፤ ቀበሌውም ያደረገው ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወልዲያም ደሴም ኮምቦልቻም ስንት መሥሪያ ቤት ተዘርፎ፣ ስንት ፋይል ጠፍቶ ቀርቷል። «የመጀመሪያውን ሰነድ አምጡ» ሲባል ሰነዱ የለም። ያኔ የቀረ ምስክር ሰው ብቻ ነው፤ እማማ እና የሰፈሩ ሽማግሌ።

ከዚያ የዘመን አቆጣጠሩ አለ። ይህ ትንሽ ይመስላል፣ ስንት ሰው እንዳስለቀሰ እኔ አውቃለሁ። በ1992 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 የተወለደ ልጅ በአውሮፓ ጃንዋሪ 20 ቀን 2000 ነው። በ1993 በዚያው ጥር 11 የተወለደ ግን ጃንዋሪ 19 ቀን 2001 ነው። ጳጉሜ ስድስት የሆነችበት ዓመት አንድ ቀን ታዛባለች። አንዱ ኮምፒውተር ቤት በስልክ አፕ ይለውጣል፣ ሌላው በጣቱ ይቆጥራል፣ ሌላው ሰባት ዓመት ብቻ ደምሮ ቀኑንና ወሩን እንዳለ ይተወዋል። የመጨረሻው ዓይነት ብዙ ነው። እንዲህ ሆኖ ልደት ሰርተፍኬቱ አንድ ቀን፣ የትምህርት ማስረጃው ሌላ ቀን፣ ፓስፖርቱ ሦስተኛ ቀን ይይዛሉ። ማንም አላጭበረበረም። መፍትሔው ቀላል ነው። ፎርማችሁ የትውልድ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀበልና ራሱ ይለውጠው። አንድ ፕሮግራመር በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ነው።

የስም አጻጻፍም እንዲሁ። በማሽን በሚነበቡት ሁለት መስመሮች ላይ የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው የሚገባው፤ ለሙሉ ስም የተመደበውም 39 ቦታ ነው። ሙሐመድን በላቲን ስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል ቁጠሩ። ሁሴንን፣ ሰይድን፣ ዘይነብንም ጨምሩ። የአንድ አባት ልጆች ሆነው የአባታቸው ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ «ወንድምህ አይደለም» የተባሉ አውቃለሁ። ኢትዮጵያዊ ስም በላቲን እንዴት እንደሚጻፍ የሚጠቁም አንድ ወጥ ሠንጠረዥ ፎርሙ ላይ ቢኖር እኛ ተየቢዎች በየራሳችን ጆሮ አንጽፍም ነበር። ቀድሞ ሌላ አጻጻፍ የያዘ ሰው ግን የፈለገውን ይምረጥ። በዚያ ስም ዲግሪ የያዘ አለ።

ስለ ጣት ደግሞ። የወሎ ገበሬ ጣት አይታችኋል? ዕድሜ ልኩን ሞፈር የጨበጠ፣ ድንጋይ የለቀመ፣ እርከን የሠራ ጣት ነው። መስመሩ ጠፍቷል። ወፍጮ ፈጭታ፣ ቡና ወቅጣ፣ በበረኪና ልብስ አጥባ የኖረች ሴትም እንዲሁ። ለሐጅ የሚሄዱ አዛውንት አባት አውራ ጣታቸውን ማሽኑ ላይ ደግመው ደጋግመው ሲጫኑ፣ ማሽኑ እምቢ ሲል፣ «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያጠፉት የለም። በጉልበት ሥራና በእርጅና አሻራ እንደሚደክም የታወቀ ነው፣ በመላው ዓለምም የሚያጋጥም ነው። አይካኦም ፊትን ዋና መለያ ያደረገው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። አሻራው ያልተነበበ ሰው ሌላ ቀን እንዲመጣ ከመባሉ በፊት በፊቱና በሌሎቹ ጣቶቹ የሚስተናገድበት አሠራር በግልጽ ይጻፍ። ከወልዲያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላስታ ተራራ የሚመጣ ሰው ደግሞ ከዚያም ማዶ ነው። ለአንድ አውራ ጣት ሁለት ጊዜ መመላለስ ለአረጋዊ ቅጣት ነው።

ፎቶ ሲነሱ ሻሽና ሒጃብ ማውለቅ ግድ ነው ወይ ብለው የሚጨነቁ ሴቶችም አሉ። በሃይማኖት ምክንያት ራስን መሸፈን በዓለም አቀፉ መስፈርት የሚፈቀድበት መንገድ አለ፤ ፊት ከአገጭ እስከ ግንባር መታየት አለበት እንጂ። ይህንም በዚያችው በራሪ ወረቀት ላይ ጻፉት።

አሁን ከሁሉ ይልቅ የምፈልገውን ልንገራችሁ። ገንዘብ አይጠይቅም ማለት ይቻላል። ፎቶና አሻራ በሚወሰድበት ጠረጴዛ ላይ፣ ባለሙያው ያለውን መረጃ ጮክ ብሎ ያንብብላት። «ስምሽ ይህ ነው። የአባትሽ ስም ይህ ነው። የተወለድሽው በዚህ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር በዚህ ቀን። ዕድሜሽ ዛሬ ይህን ያህል ነው። እውነት ነው?» ከዚያ ትፈርም፣ ወይም ጣቷን ታኑር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስክሪኑ ወደ እሷ ይዙር፣ ግን ማንበብ ለማትችለው ስክሪን አይበቃም። ዕድሜዋ 23 መባሉን ከነጭራሹ ሳትሰማ ቦሌ የደረሰች ልጅ አለች። ከደላላው ራቅ ብላ፣ ለብቻዋ ቆማ ብትሰማው ምን ትል እንደነበር ማን ያውቃል? አንዳንዷ ዝም ትላለች፤ አንዳንዷ ግን «ኧረ እኔ 16 ነኝ» ትላለች።

ይህን ስል የራሴን ጥቅም እየነካሁ ነው፣ ደብቄ አላልፍም። ለእኔ ስህተት ገቢ ነው። የተሳሳተ ፎርም ሁለት ጊዜ ይሞላል። ለባለቤቱ ግን የፓስፖርት ዋጋ ከ2,000 ብር ወደ 5,000 ብር ካደገ ወዲህ አንዲት ፊደል በግ ታሸጣለች። ቺፑ አንዴ ከተጻፈ አይፋቅም፤ እርማት ማለት አዲስ ደብተር ማለት ነው። ስለዚህ ስህተቱ የእኔ ወይም የናንተ የጽሕፈት ስህተት ሲሆን ባለቤቱ ደግሞ አይክፈል። የኔ ከሆነ እኔን ክሰሱኝ፤ ፎርም የምንሞላ ሰዎች ተመዝግበን፣ በምንልከው ማመልከቻ ላይ የሱቃችን መለያ ቁጥር ቢወጣ እኔ በበኩሌ አልቃወምም። የሚጠነቀቅ ይጠነቀቃል፣ ሌላውም ይታወቃል።

አዲሱ ፓስፖርት የማይሠራውንም ልንገራችሁ፣ ሰዉ ከሚገባው በላይ ተስፋ እንዳይጥልበት። ጀዳ ላይ ከፊሉ ፓስፖርቷን ቀምቶ ካዝና ውስጥ ቢቆልፍባት ቺፑ አያስጥላትም። ደመወዟን አያስከፍላትም። በባህር የሚሄደውን ልጅ አያስቀረውም፤ እሱ መቼ ፓስፖርት ያዘና? አንድ ነገር ግን ይችላል። ፓስፖርቷ ጠፍቶ ቆንስላ በር ላይ የቆመች ሴት «እገሊት ነኝ» ስትል፣ መዝገቡ በፊቷና በጣቷ ሊያውቃት ይችላል። ከዚህም የከፋ አለ። ክፉ ነገር ቢደርስባት የሞቷ መርዶ ለእናቷ የሚደርሰው በትክክለኛ ስሟ ከተመዘገበች ነው። በሌላ ስም የሞተች ልጅ ቤተሰብ ለቅሶ የሚቀመጠው በወሬ ነው። ወሎ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ቤት ብዙ ነው፣ አላበዛውም።

የቆየው ፓስፖርት እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ማን መቀየር እንዳለበት፣ ማን ዝም ብሎ መቀመጥ እንደሚችል በግልጽ ይነገርልን። በፌስቡክ ገጽ ላይ መለጠፍ ለእኔ ይበቃል፤ ለወረባቦ እናት አይበቃም። ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ በድምፅ ማጉያ ይነገር። ደሴ ሰኞ ገበያም እንዲሁ። በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን በር፣ በቀበሌ ስብሰባ ይነገር። ደላላ በየገበያው «የድሮው ሊቃጠል ነው፣ ቶሎ አውጡ፣ እኔ ላስጨርስላችሁ» እያለ ገንዘብ መሰብሰብ የሚችለው እናንተ ዝም ስትሉ ነው።

መልስ ከሰጣችሁ አትሜ ሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። የእርማት ጊዜው ከተፈቀደም የመጀመሪያውን ማመልከቻ በነፃ እጽፋለሁ፤ ማን እንደምትሆን አውቃለሁ፣ ስልኳ አለኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ፎርም ሞይ ከደሴ